ለጨጓራ የታዘዘ መድኃኒትና የከበዱ እጆች፦ ስለ ዶፓሚን ሥራዎች አንድ የጉዳይ ጥናት

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የውስጥ ደዌ ልዩ ክሊኒክ የታከሙ የአንዲት የ49 ዓመት እናት ጉዳይ ነው። ታካሚዋ ወደ እኛ የመጡት «ፓርኪንሰን ነው»፣ ማለትም እጅን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ ነው ተብለው መድኃኒት ከተጀመረላቸው በኋላ፣ መድኃኒቱ ሊያሽላቸው ቀርቶ ስላባሰባቸው ነበር። በምርመራ የተገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። የሆነውን ለመረዳት የአንድን ታካሚ ካርድ ማገላበጥ ብቻ አይበቃም፤ ዶፓሚን የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ በስንት ቦታ ምን ምን እንደሚሠራ ማወቅን ይጠይቃል። ጉዳዩን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ በእኚህ እናት ላይ የዶፓሚን ሥራዎች አንዱ ከሌላው ተከትሎ ሲጓደሉ፣ በኋላም በየተራ ሲመለሱ ለማየት ተችሏል። ታካሚዋ ታሪካቸው ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ዝርዝር ግን እዚህ አልገባም።

የሕመሙ ታሪክ

ወይዘሮዋ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ጥጥ ፈትለው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በማስረከብ የቤቱን ወጪ ይደጉማሉ። ለዓመታት «ጨጓራ» አለባቸው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ቆይተው ሽሮ ሲበሉ ሆዳቸው ይነፋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፤ የበሉትም «አልወርድ» ይላቸዋል። ወደ እኛ ከመምጣታቸው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በአንድ ጤና ተቋም ታይተው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልና፣ ብዙ ሰው ፕላሲል በሚለው ስሙ የሚያውቀው ሜቶክሎፕራማይድ፣ 10 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ታዘዘላቸው። ማቅለሽለሹ ቆመ፤ ሆዳቸውም ቀለላቸው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ፍሬው ያለቀበትን ማሸጊያ ይዘው ሰፈራቸው ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄዱ፤ ያለ ማዘዣም ተሸጠላቸው። ከዚያ በኋላ ባለቀ ቁጥር እንደዚያው እየገዙ ቀጠሉ። ኦሜፕራዞሉን ተውት፤ ማቅለሽለሹን የሚያቆምላቸውን ግን አልተዉትም። ለሁለት ሳምንት የታዘዘው መድኃኒት በዚህ ሁኔታ ወራት ተወሰደ።

ለውጡን መጀመሪያ ያስተዋሉት እንዝርታቸው ላይ ነበር። ፈትል ሁለት እጅን በአንድ ጊዜ በተለያየ ሥራ የሚያሠማራ ሙያ ነው፤ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ግራ እጅ ባዘቶውን እየለቀቀ፣ እያቀጠነ ይስባል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ክሩ ይወፍራል ወይም ይበጠሳል። ወይዘሮዋ ሲናገሩ፣ «ጣቴ ቀድሞ ያውቀው የነበረውን እኔ እየነገርኩት ነው የሚሠራው» አሉ። በሳምንት ያስረክቡት የነበረው ልቃቂት እየቀነሰ ሄደ፤ ሸማኔውም ክሩ ጎርባጣ ሆነብኝ ብሎ አማረረ። ቀጥሎ እርምጃቸው አጠረ። ቡና ሲቀዱ ሲኒው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊታቸው ላይ ይነበብ የነበረው ሳቅና ቁጣ ደበዘዘ፤ ሌሊት ምራቃቸው ትራሱን ያረጥበዋል።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ እንደ ሐዘን ተረጎመው። ለዓመታት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤቶቻቸው በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሄደው ስለነበር፣ ዝምታቸውም፣ ከቤት አለመውጣታቸውም፣ ማኅበር መቅረታቸውም ከዚያ የመጣ መሰለ። ልጃቸው የነገረችኝን አንድ ነገር ግን ልብ እንድንለው እፈልጋለሁ። «ቡና አፍልቼ ሳቀርብላት ትጠጣለች፤ ጣፈጠኝም ትላለች። ራሷ ግን ተነሥታ አታፈላም፤ አፍይልኝም አትልም» ብላኛለች። ወደዚህ ቃል በኋላ እመለስበታለሁ።

ከወራት በኋላ በሌላ ጤና ተቋም ታዩ፤ መንቀጥቀጡን፣ መዘግየቱንና የሰውነታቸውን መገተር የተመለከተው ሐኪም ፓርኪንሰን ነው ብሎ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ በአንድ ላይ ያሉበትን መድኃኒት አዘዘላቸው። ልጃቸው ከተክለ ሃይማኖት እስከ አራት ኪሎ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞራ አገኘችው። ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ያኔ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም የጨጓራ መድኃኒት ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ይገናኛል ብለው ስላላሰቡ አላነሡትም። አዲሱን መድኃኒት በጀመሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማቅለሽለሹ ከቀድሞው በረታ፤ ያስመልሳቸውም ጀመር። ይህን ለማስቆም በሚያውቁት መንገድ ሄዱ፤ በቀን ሦስት ፍሬ የነበረውን ሜቶክሎፕራማይድ ወደ አራትና አምስት ከፍ አደረጉት። ሰውነታቸው ይበልጥ ተገተረ። ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልም ጀመር፤ አንድ ቀን ከታክሲ ሲወርዱ ሊወድቁ ሲሉ ሰው ደገፋቸው።

ምርመራ

ወደ ክሊኒኩ ሲመጡ ልጃቸው ቤት ውስጥ የተገኘውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ይህ ልማድ በየቤቱ ቢለመድ ብዙ ሕመም ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ከፌስታሉ ከወጡት ውስጥ አብዛኛው ባዶ የሜቶክሎፕራማይድ ማሸጊያ ነበር።

ወይዘሮዋ ጥያቄን በትክክል ይመልሳሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለና አንድ ወጥ ነው። ዓይናቸው የሚርገበገበው አልፎ አልፎ ነው። ሁለቱም ክንዶቻቸው በእኩል መጠን ተገትረዋል። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጥሙ ሲጠየቁ ከጥቂት ምት በኋላ እንቅስቃሴው እያጠረ ይቆማል፤ ይህም በቀኙም በግራውም ያው ነው። እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎም፣ ወደ ፊት ተዘርግቶም ይንቀጠቀጣል። ሲራመዱ እጃቸው አይወናጨፍም። የደም ግፊታቸው ተኝተው 125 በ80፣ ቆመው 100 በ65 ነበር። ከንፈር፣ ምላስና መንጋጋቸው ላይ ግን ከፈቃድ ውጪ የሆነ እንቅስቃሴ አልታየም፤ ይህን በጥንቃቄ የፈለግነው ሜቶክሎፕራማይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሊቀር የማይችል የአፍና የምላስ መወራጨት ሊያስከትል ስለሚችል ነው።

ፓርኪንሰን መሆኑን እንድንጠራጠር ያደረጉን ነገሮች በርካታ ነበሩ። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ጎን ነው፤ የሁለቱ ጎኖች ልዩነትም ለዓመታት ይቆያል። የእሳቸው ግን በሁለቱም እጆች ተመሳሳይ ነበር። ፓርኪንሰን ቀስ ብሎ በዓመታት ውስጥ ሲገለጥ የእሳቸው በወራት ውስጥ ተባብሷል። ሌላው ማሽተት ነው። በፓርኪንሰን የሚያዙ ብዙ ሰዎች መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት የማሽተት ችሎታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዓይናቸውን ጨፍነው በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ በተራ የተፈጨ ቡና፣ ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ እንዲያሸቱ አደረግን። ሦስቱንም ሳያመነቱ ለዩ፤ ስለ ቡናው እንዲያውም አቆላሉ ገና መሆኑን ነገሩን። አንድ ሰው አሸተተ ማለት ፓርኪንሰን የለበትም ማለት አይደለም፤ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲደመር ግን ሚዛኑን ይቀይራል።

ከዚያ ልጃቸው ውጪ እንድትቆይ ጠይቀን፣ ነርሷ ባለችበት ስለ ወር አበባቸው ጠየቅናቸው። ከስድስት ወር በላይ እንደቀረና ዕድሜያቸው ስለደረሰ እንደተቋረጠ እንዳሰቡ ተናገሩ። ከጡታቸው የሚወጣ ነገር ካለ ሲጠየቁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ «ይሄ ለማን ይነገራል ዶክተር? በዚህ ዕድሜዬ!» አሉ። ልብሳቸውን የሚያረጥብ ነጭ ፈሳሽ ከሁለቱም ጡቶቻቸው ይወጣ ኖሯል፤ ለማንም፣ ለባለቤታቸውም ሳይናገሩ ጨርቅ እየደረቡ ኖረዋል።

የላቦራቶሪ ውጤቱ ታሪኩን አጸናው። የእርግዝና ምርመራው ነጻ ነው፤ የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራዎቹም ጤናማ ናቸው። ፕሮላክቲን የተባለው ወተት አመንጪ ሆርሞን መጠን ግን ከጤናማው ጣሪያ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ቀደም ሲል የተነሡት የጭንቅላት ሲቲ ስካን ምንም ችግር አያሳይም።

አንድ ኬሚካል፣ ብዙ ሥራ

የሚዘገዩ እጆች፣ የሚወጣ ወተት፣ የቀረ የወር አበባ፣ የጠፋ ተነሣሽነት፣ የሚያቅለሸልሽ ሆድ፤ እነዚህ ለየብቻቸው ቢታዩ ታካሚዋን ወደ አራት የተለያዩ ሐኪሞች ሊልኩ ይችሉ ነበር። የሚያገናኛቸው ዶፓሚን ነው።

ሰውነት ዶፓሚንን የሚሠራው ከምግብ ከሚገኘው ታይሮሲን ነው። ታይሮሲን ወደ ሌቮዶፓ፣ ሌቮዶፓም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ጉዞው በዚህ አያበቃም፤ ዶፓሚኑ ራሱ ኖርአድሬናሊን ወደተባለ ሌላ መልእክት አስተላላፊ ይለወጣል። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሳይንቲስቶች ዶፓሚን ለኖርአድሬናሊን መሥሪያነት ከማገልገል ያለፈ የራሱ ሥራ የሌለው አድርገው ይገምቱት ነበር። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ሬዘርፒን በተባለ መድኃኒት እንቅስቃሴ ላቆሙ ጥንቸሎች ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ወዲያው ነቅተው መንቀሳቀሳቸውን አሳየ፤ ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ ራሱን የቻለ መልእክት አስተላላፊ መሆኑ የታወቀው ከዚህ ሥራ በመነሣት ነው። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። በ1960 ቪየና ውስጥ ኤሪንገርና ሆርኒኪዬቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚኑ እጅግ ቀንሶ አገኙት። ዛሬ የምንሰጠው ሌቮዶፓ የዚህ ግኝት ልጅ ነው።

ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት መካከል ዶፓሚን የሚያመርቱት ከግማሽ ሚሊዮን እምብዛም አይርቁም። ጥቂት ቢሆኑም ቅርንጫፋቸው ሰፊ ነው። ከመካከለኛው አንጎል የሚነሡት አንዱ ክፍላቸው እንቅስቃሴን ወደሚያስተካክሉት የጥልቁ አንጎል ክፍሎች ይዘልቃሉ። እነዚህ ክፍሎች ጡንቻን በቀጥታ አያዙም፤ ከብዙ አማራጭ እንቅስቃሴዎች የትኛው ይለቀቅ፣ የትኛው ይያዝ የሚለውን ይወስናሉ። ዶፓሚን ሲኖር የተፈለገው እንቅስቃሴ በቀላሉ ይለቀቃል፤ ሲጎድል ሁሉም ነገር ይከብዳል። ፈታይዋ ጣታቸው ራሱ ያውቀው የነበረውን እየነገሩት መሥራት የጀመሩት ለዚህ ነው፤ ለዓመታት የተለማመዱትን እጅ ያለ ሐሳብ የሚያሠራው ይኸው የጥልቁ አንጎል መሥመር ነው።

እዚህ ላይ ፓርኪንሰንና የእኚህ እናት ሕመም የሚለያዩበትን ቦታ በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በፓርኪንሰን ዶፓሚን አምራች ሕዋሳቱ ራሳቸው ይሞታሉ። በእሳቸው ግን ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፤ ዶፓሚኑም ይመረታል። የታገደው ዶፓሚን የሚያርፍበት ቦታ፣ ማለትም ዲ2 በመባል የሚታወቀው ተቀባይ ነው። ሜቶክሎፕራማይድ እዚህ ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ዶፓሚን እንዳያርፍ ይከለክላል። ውጪውን ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

መድኃኒቱ የታዘዘበት ሥራ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። በአንጎል ግርጌ፣ ደምን እየፈተሸ መርዝ የመሰለ ነገር ሲያገኝ ማስመለስን የሚቀሰቅስ ክፍል አለ፤ ዶፓሚን በዚያ ሲያርፍ ያቅለሸልሻል። በጨጓራ ግድግዳም ዶፓሚን እንቅስቃሴን ያዘገያል። ሜቶክሎፕራማይድ ሁለቱንም ስለሚያግድ ማቅለሽለሹ ይቆማል፤ ምግቡም ይወርዳል። ለተክለ ሃይማኖቷ እናት የሰጠው እፎይታ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ ደምን ከአንጎል የሚለየውን ድንበር አልፎ ስለሚገባ፣ ለሆድ የተወሰደው በእንቅስቃሴው መሥመር ላይም ያርፋል። ዶምፔሪዶን የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ይህን ድንበር በብዛት ስለማያልፍ በእንቅስቃሴ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም ነው፤ በልብ ምት ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ግን እሱም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የወተቱ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ነው። በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ የሚያመነጫቸውን ብዙዎቹን ሆርሞኖች፣ ከበላዩ ያለው ሃይፖታላመስ የተባለ የአንጎል ክፍል «አውጣ» እያለ ያዛቸዋል። ፕሮላክቲን ላይ ያለው አሠራር ተቃራኒ ነው፤ ሃይፖታላመስ ዶፓሚን እየላከ ቀን ከሌሊት ይገታዋል። ዶፓሚኑ ከታገደ ገቺው ይነሣል፤ ፕሮላክቲን ይጨምራል፤ ጡት ወተት ያወጣል፤ የወር አበባንና መውለድን የሚያስተዳድሩት ሆርሞኖችም ይዳከማሉ። በፒቱታሪ እጢ ላይ የሚወጣ፣ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ ዕባጭ የያዛቸውን ሰዎች ካቤርጎሊን በመሰለ ዶፓሚንን ተክቶ በሚሠራ መድኃኒት የምናክማቸውም በዚሁ መሠረት ነው። ወይዘሮዋ ለወራት በኀፍረት የደበቁት ነገር ለእኛ ከሁሉም ምርመራ የበለጠ አስረጂ ሆነ፤ ምክንያቱም ፓርኪንሰን ብቻውን ወተት አያስወጣም።

ልጃቸው ስለ ቡናው የተናገረችው ወደ ሌላው የዶፓሚን መሥመር ይወስደናል። ዶፓሚን በየማኅበራዊ ሚዲያው «የደስታ ኬሚካል» ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ አጠራር ሰውን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። የዶፓሚን ሕዋሳታቸው በሙከራ የተጎዱባቸው አይጦች ጣፋጭ ነገር አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው እንደ ጤነኞቹ የመውደድ ምልክት ያሳያሉ፤ ተነሥተው ለመፈለግ ግን አይነሣሡም፤ ምግብ አጠገባቸው እያለም ይራባሉ። መውደድና መፈለግ አንድ እንዳልሆኑ ሳይንስ የተማረው ከዚህ ነው፤ ዶፓሚን ይበልጥ የሚያያዘው ከመፈለጉ ጋር ነው። በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትስ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት ደግሞ የዶፓሚን ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት ሽልማቱ ከተጠበቀው ሲበልጥ መሆኑን፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ዝም እንደሚሉ አሳይቷል፤ አንጎል ከተሞክሮው የሚማርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ቡና ሲቀርብላቸው ጣፈጠኝ የሚሉ፣ ተነሥተው ለማፍላት ግን ጉልበት ያጡ እናት ሁኔታ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከጎረቤት የመለየት ሐዘን አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም፤ ነበረባቸው። ነገር ግን ፊታቸው የደነዘዘው፣ ድምፃቸው የወረደውና እግራቸው ከቤት አልወጣ ያለው በሐዘን ብቻ አልነበረም።

ሌቮዶፓው ለምን እንዳባሰባቸው አሁን ለማስረዳት ቀላል ነው። ዶፓሚን ራሱ የደምና የአንጎልን ድንበር ስለማያልፍ በሽተኛ የሚሰጠው ድንበሩን የሚያልፈው ሌቮዶፓ ነው። ካርቢዶፓ የሚጨመርበት ሌቮዶፓው ገና ከአንጎል ውጪ ሳለ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ለመከልከል ነው፤ ክልከላው ግን ሙሉ አይደለም። ከአንጎል ውጪ የተለወጠው ዶፓሚን የማስመለሻውን ክፍል ይቀሰቅሳል፤ የደም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል። ወደ አንጎል የገባው ደግሞ ተቀባዮቹ በሜቶክሎፕራማይድ ተይዘው ስለሚያገኛቸው ጥቅሙ አነስተኛ ይሆናል። እናም እኚህ እናት ጉዳቱን አገኙ፤ ጥቅሙን አጡ። ለማቅለሽለሹ የጨመሩት ፍሬ ደግሞ ተቀባዮቹን የባሰ ዘጋ። አንዱ መድኃኒት ያመጣውን ምልክት በሌላ መድኃኒት ማከም፣ ያንንም በሦስተኛ ማከም በየክሊኒኩ የማየው ነገር ነው፤ እንዲህ ባለ ግልጽ መልክ ግን አይቼው አላውቅም።

ለሙሉነት ያህል፣ ዶፓሚን በኩላሊት ውስጥም ተመርቶ ጨው በሽንት እንዲወጣ ይረዳል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በደም ሥር ሲሰጥ በመጠኑ ልክ የልብን ምትና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በዓይን ሬቲናም ዓይን ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲሸጋገር ይሠራል። በዚህ ታካሚ ላይ እነዚህ ሥራዎች ጎልተው ስላልታዩ አልዘረጋቸውም።

ሕክምናውና የተገኘው ለውጥ

ሜቶክሎፕራማይዱ በዚያው ዕለት እንዲቆም አደረግን። ሌቮዶፓውን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል መጠኑን ወዲያው በግማሽ ቀንሰን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አወጣነው። ለወይዘሮዋ ከባዱ ነገር መድኃኒቱን መተው አልነበረም፤ ማቅለሽለሹ ይመለስብኛል የሚለው ፍርሃት ነበር። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ሆዳቸው ተመለስን። በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባቸው፤ ለ14 ቀን በአንቲባዮቲክና በኦሜፕራዞል ታከሙ። በጾም ቀን በዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ ሞልተው ከመብላት ይልቅ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው እንዲበሉ፣ እንደበሉም እንዳይተኙ ተነጋገርን። ጾሙን ተዉ አላልናቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ማቅለሽለሹ ሌቮዶፓው በወጣ በሳምንቱ ጋብ አለ።

ሜቶክሎፕራማይድ ከደም ተጠርጎ የሚወጣው በቀናት ውስጥ ነው፤ ያደረሰው ግን በዚያ ፍጥነት አይመለስም። መጀመሪያ የተመለሰው ከፒቱታሪ ጋር የተያያዘው ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ፕሮላክቲኑ ወደ ጤናማው መጠን ወርዶ ወተቱም ቆሟል። በሁለተኛው ወር ያቆመ መስሏቸው የነበረው የወር አበባ መጣ። ቀጥሎ ፊታቸው ነው፤ ልጃቸው «እማዬ ተቆጣችኝ» ብላ በደስታ ነግራናለች። ለመመለስ ከሁሉ የዘገዩት እጆቻቸው ናቸው። በሦስተኛው ወር መገተሩ ከሞላ ጎደል ለቋቸዋል፤ እንዝርታቸውንም አንሥተዋል፤ ቀጭን ክር ግን ገና አይወጣላቸውም፤ ግራ እጃቸው ሲዘረጋ ጥቂት ይንቀጠቀጣል። በስድስተኛው ወር መንቀጥቀጡ አልታየም፤ ለሸማኔው ማስረከብም ጀምረዋል።

ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳይ

ይህ ጉዳት አስቀድሞ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ሜቶክሎፕራማይድ ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ የሚያሳስብ ከባድ ማስጠንቀቂያ መድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አዝዟል፤ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ደግሞ በ2013 አወሳሰዱ ከአምስት ቀን፣ መጠኑም ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ መክሯል። እኚህ እናት ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሊሸጥ የሚገባውን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ በማሳየት ለወራት ገዝተዋል። ሸያጩ ሊረዳቸው እንጂ ሊጎዳቸው እንዳላሰበ እገምታለሁ፤ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ከሚከፈለው ገንዘብና ከሚባክነው ቀን አንጻርም ወደ ሰፈር መድኃኒት ቤት መሄዳቸው የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም ግን ያዘዘው ሐኪም «ሁለት ሳምንት» የሚለውን ምክንያቱን አስረድቶ፣ ሸያጩም «ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ፓርኪንሰን ነው ያለው ሐኪምም ፌስታሉን ቢያስዘረግፍ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ በቂ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መንቀጥቀጥ ወይም መዘግየት ይዞት የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ የሌላውን ምርመራ ከመጀመራችን በፊት፣ ለሆድ፣ ለማዞርና ለእንቅልፍ የሚወስደውን በስም በስም ሊጠየቅ ይገባል። ለማዞር በብዛት የሚወሰዱት ሲናሪዚንና ፍሉናሪዚን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማስመለስ የሚሰጠው ፕሮክሎርፔራዚን ሁሉ ይህንኑ የዶፓሚን ተቀባይ ያግዳሉ። ይህን ስል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ያቁም ማለቴ ከቶ አይደለም፤ ለእሱ ጥቅሙ ከጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ውሳኔውም ከሐኪሙ ጋር የሚደረስበት ነው።

የወይዘሮዋ ክትትል አልተዘጋም። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ካቆሙ በኋላ ከሚሻላቸው መካከል በጥቂቶቹ ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ፓርኪንሰን ብቅ ይላል፤ መድኃኒቱ ገና ያልተገለጠውን በሽታ ቀድሞ አጋልጦት ሊሆን ስለሚችል ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ እንዲታዩ ተቀጥረዋል፤ በየቀጠሮው የምንፈልገውም በአንድ ጎን የሚጀምር መዘግየት፣ የማሽተት መቀነስና በእንቅልፍ ላይ መወራጨት ነው። ከላይ የተዘረዘሩት መድኃኒቶች ስም ካርዳቸው ላይ በጉልህ ተጽፎላቸዋል፤ አንድ ቅጂም ልጃቸው ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች።